ክላክሱ ዝም ሲል ጥፋቱን ከየት እንፈልግ?

መሪው ወደ ግራ ሲዞር ክላክሱ ይጮኻል፤ ቀጥ ሲል ግን ቢጫኑት ቢጫኑት ዝም ነው። ሌላው ደግሞ ጠዋት ደኅና ይሠራና ዝናብ ከመታው በኋላ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያንኮራፋል። ከነጭራሹ ዝም የሚል አለ፤ በእኩለ ሌሊት ሰፈሩን ቀስቅሶ አልቆም የሚልም አለ። ዕድሜ የጠገበ ኮሮላ፣ ላዳ ወይም ቮልስ የያዘ ሰው ከእነዚህ አንዱን ሳያይ አይቀርም። ለሁሉም የሚታዘዘው መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ አዲስ ክላክስ መግዛት። እኔ ይህን መድኃኒት አላምንበትም። ክላክስ ራሱ ጠንካራ ዕቃ ነው። ቀድሞ የሚደክመው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው፤ ከመንገዱም በተለይ በመሪው በኩል ያለው ማሳ።

ነገሩ እንዲገባን አንድ የተለመደ ግምት እንተው። ብዙ ሰው መሪው ላይ ያለው መጫኛ ኤሌክትሪክ ወደ ክላክሱ የሚልክ ይመስለዋል። በአብዛኞቹ የቆዩ መኪኖች ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፖዘቲቩ ከባትሪው ተነሥቶ በፊውዝ አልፎ እስከ ሪሌው፣ ሪሌ በሌለው መኪና ደግሞ እስከ ክላክሱ ድረስ ደርሶ ይጠብቃል። የጎደለው መመለሻው፣ ማለትም ማሳው፣ ነው። መሪውን ስንጫን አንዲት ቀጭን ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ትነካካለች፤ ማሳ ተገኘ፣ ክላክሱም ጮኸ። ስለዚህ መሪው ላይ የምናደርገው ምርመራ ሁሉ ፖዘቲቭ ፍለጋ ሳይሆን ማሳ ፍለጋ ነው።

ሪሌው ለምን ገባ? አንድ ክላክስ ሲጮኽ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 አምፒር አካባቢ ይስባል፤ ሁለት ከሆኑ እጥፍ ነው። ያን ሁሉ በመሪው ውስጥ በምታልፈው ቀጭን ሽቦ ማሳለፍ መነካኪያዎቹን ያቃጥላል። ሪሌው ከአንድ አምፒር እጅግ ባነሰ ኃይል ይነቃና ከባዱን ሥራ ራሱ ይሠራል።

ምርመራው ከፊውዝ ይጀምራል። በብዙዎቹ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታዎች ክላክሱና አራቱ የአደጋ ጊዜ ፍሬቻዎች አንድ ፊውዝ ይጋራሉ። ፍሬቻዎቹን አብረው ያብሯቸው፤ ብልጭ ድርግም ካሉ ፊውዙ ጤነኛ ነው፣ ሳጥኑን መክፈትም አያስፈልግም። ከተቃጠለ በዚያው መጠን ይተኩት። በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት መጠቅለል ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው፤ የሚቃጠለውም ከዳሽቦርዱ ጀርባ ነው።

ቀጥሎ ጆሮ ይሥራ። ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ይክፈቱ፤ አንድ ሰው መሪውን ይጫንልዎት፤ እርስዎ ሪሌው አጠገብ ያዳምጡ። «ጠቅ» ካለ መሪውና ማሳው ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ በሪሌው መነካኪያ ወይም ከእሱ ወዲያ፣ ወደ ክላክሱ በኩል ነው። «ጠቅ» ካላለ ደግሞ ወዲህ፣ ወደ መሪው በኩል ይፈልጉ። በዚህች አንዲት ድምፅ የመስመሩ ግማሽ ከጥርጣሬ ወጣ ማለት ነው። ሪሌውን ከተጠራጠሩት በመኪናው ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈበት ሌላ ሪሌ ካለ ለጊዜው አቀያይረው መሞከር ነው።

አሁን ኮፈኑን ከፍተን ወደ ክላክሱ እንሂድ። ቴስተር ያለው ሰው ወዲያው ቮልት መለካት ይወዳል፤ እዚህ ላይ ግን ቴስተር ሊያሳስት ይችላል። በውስጡ በስብሶ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ እንኳ 12 ቮልት ያስነብባል፤ ምክንያቱም ቴስተር ኃይል አይስብም። ከአሮጌ ፍሬቻ የወጣ ባለ 21 ዋት አምፖል ሁለት ሽቦ ቢበየድበት ከውድ መሣሪያ ይሻላል። ሥራ ስለሚጠይቅ እውነቱን ያወጣል። የክላክሱን ሽቦ ነቅለው አምፖሉን በዚያ ሽቦና በባትሪው ነጋቲቭ መካከል ያገናኙ። ሪሌ ባለው መኪና፣ መሪው ሲጫን አምፖሉ ቦግ ካለ ፖዘቲቩ ደርሷል። ከፈዘዘ መንገድ ላይ አረንጓዴ ዝገት የያዘው መገናኛ አለ።

ከዚያ ወሳኙ ሙከራ ይመጣል፦ ፊውዝ በገባበት ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ወደ ክላክሱ፣ ከነጋቲቩ ደግሞ ሌላ ሽቦ ወደ ክላክሱ አካል ወይም ወደ ሁለተኛው ጫፉ። ጮኸ? እንግዲያው ገንዘብዎን ኪስዎ ይመልሱት።

አንድ ሽቦ ብቻ የሚገባበት ክላክስ ማሳውን የሚያገኘው በታሰረበት ብሎን በኩል ነው። መኪናው ተጋጭቶ ላሜራና ቀለም ከተሠራለት በኋላ ክላክሱ እምቢ ካለ ይህን ብሎን አስቀድመው ይጠርጥሩ። ቀለም ቀቢው ለማሳ ብሎ ባዶ ብረት አይተውም። ብሎኑን ፈትቶ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ መፈተግ በቂ ነው።

ከሁሉ የሚያደክመው፣ የሚያስተምረውም፣ መሪው ነው። መሪው ይዞራል፤ ከሪሌው የመጣችው ሽቦ ግን አትዞርም። የቆዩት ኮሮላዎች ይህን የፈቱት በመሪው ጀርባ በተገጠመ ክብ የነሐስ ቀለበትና በሞላ ተገፍቶ በቀለበቱ ላይ በሚሄድ ምላስ ነው። መጫኛውን ስንነካ ቀለበቱ ከመሪው ዘንግ ብረት ጋር ይገናኛል፤ ዘንጉም ማሳ ነው። በዓመታት ውስጥ ቀለበቱ ላይ የተቀባው ግራሶ ደርቆ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል፣ ምላሱ ይበላል፣ ሞላው ይላላል። «ወደ ግራ ሲዞር ብቻ ይጮኻል» የሚባለው በሽታ ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ከቀለበቱ ላይ ምላሱን የሚያገኘው አንዱ ጎን ብቻ ቀርቷል።

ለማረጋገጥ የመሪውን መሃል ክዳን ያንሡና ከቀለበቱ የምትመጣውን ሽቦ በአጭር ሽቦ ከመሪው ዘንግ ጋር ያነካኩ። ከጮኸ በሽተኛው መጫኛው ነው። ካልጮኸ ያንኑ ሽቦ በሩ ሥር ካለ ቀለም የሌለው የቦዲ ብረት ጋር ያነካኩ። አሁን ከጮኸ ቀለበቱ ንጹሕ ነው፤ ማሳ ያጣው ዘንጉ ነው። በሁለቱም ካልጮኸ መሪውን አስፈትተው ቀለበቱን በአልኮል ይጥረጉ፣ ምላሱን በጥቂቱ ወደ ቀለበቱ ያጉብጡ፣ አዲስ ግራሶ ስስ አድርገው ይቀቡ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ኤርባግ በሌለው መሪ ላይ ነው። መሪው መሃል ኤርባግ ካለ ካቻቢቴዎን ያስቀምጡ። ቶዮታ የባትሪው ነጋቲቭ ከተነቀለ በኋላ ቢያንስ 90 ሴኮንድ መጠበቅን ያዝዛል፤ ሥራውም የባለሙያ ነው። በእነዚህ መኪኖች በቀለበቱ ፋንታ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ሽቦ አለ። ክላክሱ ከጠፋና የኤርባጉ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ከቀረ ብዙ ጊዜ የተበጠሰው እሱ ነው።

ቮልስ የራሱ ጠባይ አለው። ክላክሱ ያለው በግራ የፊት ፓራፋንጎ ሥር፣ ጭቃና ውኃ በሚረጭበት ቦታ ነው፤ መጀመሪያ ዓይን የሚጣለው ወደዚያ ነው። በመሪው ዘንግ ግርጌ ደግሞ የጎማ መጋጠሚያ አለ። ጎማ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ማሳውን የምታሻግረው አንዲት አጭር ሽቦ ናት። እሷ ከተበጠሰች ሌላው ሁሉ አዲስ ቢሆን ክላክሱ አይጮኽም። እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ስለነበሩ፣ ወደ 12 የተቀየረ መኪና ላይ የድሮው ክላክስ ቀርቶ እንዳይሆን ማጣራት ይገባል።

በቀጥታ ከባትሪ ተገናኝቶም ያልጮኸ ክላክስ ካለ ብቻ ወደ ራሱ እንመለሳለን። እ.ኤ.አ. በ1908 ገበያ ላይ የዋለው የአሜሪካዊው ሚለር ሪስ ሃቺሰን ክላክስ ስስ የብረት ሳሕን በጥርሳም ጎማ እየመታ ይጮኽ ነበር። በእኛ መኪኖች ላይ ያለው ማግኔት ነው። ማግኔቱ ሳሕኑን ሲስብ መነካኪያው ይከፈታል፤ ሲከፈት ማግኔቱ ይለቃል፤ ሲለቅ መልሶ ይዘጋል፤ ይህም በሴኮንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ «ጠቅ» ብሎ የሚቀር ክላክስ ብዙውን ጊዜ አልተቃጠለም፤ መነካኪያው ተጣብቋል ወይም ልኩን ስቷል። በመፍቻ እጀታ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት። ካልሆነ ከጀርባው በቀለም የታሸገች ትንሽ ማስተካከያ ብሎን አለች፤ እያስጮኹ ሩብ ዙር ብቻ ወዲህ ወዲያ ያዙሯት። ድምፁ ሲጠራ ያቁሙ። ይህም ካልረዳው አዲስ ይገዛል፤ አሁን ግን በማስረጃ ነው።

አልቆም ላለ ክላክስ ሪሌውን ወይም ፊውዙን መንቀል ጩኸቱን ያቆማል። ምክንያቱ የተጣበቀ ሪሌ ወይም መሪው ውስጥ ልባሱ ተልጦ ብረት የነካ ሽቦ ነው።

አንዳንድ ኤሌትሪሻን ይህን ሁሉ ድካም በአንዲት የደወል መጫኛ ይገላገለዋል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ይገጥማትና የዓመቱ ምርመራ በሰላም ያልፋል። እግረኛ ድንገት ፊትዎ ሲገባ ግን እጅዎ የሚሮጠው ወደ መሪው ነው፤ ዳሽቦርድ ሥር መጫኛ የሚፈልግ ሰው የለም። እንዲህ ያለ መጫኛ የተገጠመለት መኪና ከገዙ አስነቅለው የመሪውን ቀለበት ያሠሩ። እስከዚያው ግን ሽቦው በፊውዝ ማለፉን ዛሬውኑ ያረጋግጡ።