የፈረሱላው ስሌትና የሰሌዳው ስሌት

በቡና ንግድ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ሦስት ፈረሱላ ስንት ኪሎ ይሆናል ተብሎ ገበያ ላይ የተጠየቀ፣ በሸካ ዞን ያለችው የማሻ ከተማ ልጅ፣ ሦስት ጊዜ አሥር 30፣ ሦስት ጊዜ ሰባት 21 ብሎ 51 ላይ ሊደርስ ይችላል። ይኸው ልጅ ክፍል ውስጥ 3(10 + 7) ተጽፎ ሲያይ 37 ቢል ኤክስ ይደረግበታል። በሒሳብ ትምህርት ላይ ያተኮረ የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ሥራው የሚጀምረው ከኤክሱ በኋላ ነው፦ 37 ከየት መጣ? ልጁ ሦስቱን ከአሥሩ ጋር አባዝቶ ሰባቱን እንዳለ ደምሮታል። ስህተቱ የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉ ከታወቀ ደግሞ ይታረማል። ገበያ ላይ የሠራበት ስሌትም ሰሌዳው የሚጠይቀው ያው ስሌት መሆኑን ማሳየት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ የብራዚል ጥናት ይህን በገበያና በሰሌዳ መካከል ያለውን ልዩነት በቁጥር አሳይቷል። በሬሲፌ ከተማ መንገድ ላይ የሚነግዱ ልጆች ሸቀጣቸውን ሲሸጡ ከቀረበላቸው ስሌት 98 በመቶውን በትክክል መለሱ፤ ተመሳሳዩ በምልክት ብቻ ተጽፎ ሲሰጣቸው ግን ከ40 በመቶ በታች ወረዱ። የተጠኑት አምስት ልጆች ብቻ ስለነበሩ ለዓለም ሁሉ ድምዳሜ አይሆንም፤ ሆኖም «ይህ ልጅ ሒሳብ አይገባውም» የሚለውን ፍርድ ለማጠራጠር ይበቃል። ፍርሃትም አለ። የሒሳብ ፍርሃት ልጁ ለስሌቱ በአእምሮው ሊይዝ የሚገባውን ቦታ ይሻማበታል፤ የሚያውቀውንም ያስረሳዋል። ስለዚህ የፈተና ውጤት ብቻውን አለማወቅን ከመፍራት ለይቶ አይነግረንም።

ወደ ሙያው የሚያስገቡ በሮች ሁለት ናቸው፦ በሥነ ልቦና ጀምሮ ወደ ሒሳብ ትምህርት ማዘንበል፣ ወይም በሒሳብ ተመርቆ፣ አስተምሮ፣ በትምህርት ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በሒሳብ ትምህርት እስከ ዶክትሬት ያስተምራሉ። ለማሻ ሰው ሁለተኛው በር የተሻለ ይመስለኛል። ማባዛትን ለ60 ልጅ አስተምሮ የማያውቅ ሰው 37ን ሲያይ ስህተት እንጂ መንገዱ አይታየው ይሆናል። የቴፒ ግቢ ያለው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ለዚህ በር ቅርብ ነው።

«መጽሐፍና መምህር በጎደለበት የሥነ ልቦና ባለሙያ ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ስለነበሩ፣ የጎደለው ብዙ መሆኑን አልክድም። ግን መጽሐፉ ሲመጣም ልጁ ሰባቱን ለምን ሳያባዛ እንደተወ አይነግረንም። አንድ ባለሙያም እያንዳንዱን ልጅ ለማከም አይመጣም፤ የመምህራን ኮሌጅ ውስጥ ሆኖ ስህተትን ማንበብ ቢያስተምር፣ ትምህርቱ በመምህራኑ በኩል ብዙ ክፍል ይገባል። ይበልጥ የሚከብደኝ ችግሩ የቋንቋ ነው የሚለው ተቃውሞ ነው። እውነት አለው፦ የሸካ ሕዝብ ቋንቋ ሸክኖኖ በቤት፣ አማርኛ በገበያ፣ ከፍ ባሉት ክፍሎች እንግሊዝኛ። ይህ ግን ባለሙያውን አላስፈላጊ አያደርገውም፤ ከየት መምጣት እንዳለበት ነው የሚነግረን። «እንዴት አድርገህ አገኘኸው?» ብሎ በሸክኖኖ ጠይቆ፣ መልሱንም በሸክኖኖ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል።