የእሳት ደወል ግዢ፦ ለአሰላ ፎቅና ለእህል መጋዘን የትኛው ያዋጣል?

ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኘው አሰላ በስንዴና በቢራ ገብስ ንግድ ትታወቃለች። ከእህል የተገኘው ገንዘብ ደግሞ ወደ ሕንፃ ይዞራል፤ ከታች ሱቅ፣ ከበላዩ ቢሮ፣ ከዚያም ካፌ። ባለሀብቱ ለሴራሚኩና ለመስታወቱ ቀናት ሲከራከር ይውልና የእሳት ማስጠንቀቂያው ነገር ትዝ የሚለው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ ሱቆችን ከነሸቀጣቸው አውድሟል። የንግድ ቤት እሳት የሚከፋው እንዲህ ሲመሽ ነው። መዝጊያው ተቆልፏል፣ ባለቤቱ ቤቱ ገብቷል፤ ዘበኛው ጭሱን በመዝጊያው ሥር ሲያይ እሳቱ ውስጡን ጨርሷል።

ገበያው ላይ ያለው ዕቃ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኮንቬንሽናል የሚባለው ነው፤ ሕንፃው በዞን ይከፈልና ፓኔሉ «ሁለተኛ ፎቅ» ብሎ ይጮኻል። ከሃያው ሱቅ የትኛው እንደሆነ ግን አይናገርም። ጥቂት ክፍል ላለው ሕንፃ ይበቃል፣ ዋጋውም ይቀላል። ሁለተኛው አድሬሰብል ነው። እያንዳንዱ ጠቋሚ የራሱ ቁጥር ስላለው እሳቱ ያለበትን ክፍል ለይቶ ያሳያል፤ ሽቦው ዞሮ ወደ ፓኔሉ ስለሚመለስም አንድ ቦታ ቢበጠስ በሌላው በኩል መሥራቱን ይቀጥላል። ብዙ ተከራይ ላለው ፎቅ፣ በእኛ ግምት፣ ልዩነቱን መክፈል ይሻላል። ያለ ሽቦ የሚሠራም አለ፤ ላለቀ ሕንፃ ግድግዳ ከመፈንቀል ያድናል፣ ነገር ግን የየጠቋሚውን ባትሪ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል።

የአሰላን ነጋዴ ይበልጥ የሚመለከተው የጠቋሚው ዓይነት ነው። የጭስ ጠቋሚ ለሱቅና ለቢሮ ተመራጭ ነው። እህል መጋዘን ውስጥ ከተሰቀለ ግን አቧራውን ጭስ ነው ብሎ ይጮኻል፤ በካፌ ወጥ ቤትም እንፋሎቱ ያታልለዋል። ሦስት ሌሊት በከንቱ የቀሰቀሰውን ደወል ደግሞ ዘበኛው ራሱ ያጠፋዋል። በእነዚህ ቦታዎች 57 ወይም 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የሚጮኸው የሙቀት ጠቋሚ ይሻላል፣ ከጭሱ ዘግይቶ ቢነቃም። እርጥብ ሆኖ የተከመረ እህል ከውስጥ ሲግል ግን ጣራ ላይ ያለ መሣሪያ ቶሎ አያውቅም። ለዚያ ክምሩ ውስጥ የሚገባ የሙቀት መለኪያ ነው የሚያስፈልገው።

መብራት ስለሚጠፋ ፓኔሉ የራሱ ባትሪ ሊኖረው የግድ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው ባትሪው 24 ሰዓት ጠብቆ ከዚያም ደወሉን ማስጮህ እንዲችል ነው። ሻጩ ፊት መብራቱን አስጠፍቶ መሞከር ነውር የለውም።

የኢንሹራንሱም ጉዳይ አለ። በንግድ ሕጉ መሠረት ኢንሹራንስ ገቢው ስለ አደጋው የሚያውቀውን በትክክል መግለጽ አለበት፤ ሆን ብሎ ከደበቀ ወይም ከዋሸ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። የማይሠራ ደወል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ቅጹ ላይ «አለ» ብሎ መሙላት አረቦኑን ከፍሎ ካሳውን ማጣት ሊሆን ነው።

ተከራይም ቢሆን ውል ከመፈረሙ በፊት ደወሉ መቼ እንደተፈተሸ፣ ሌሊት ሲጮኽ ማን እንደሚሰማው፣ ሲበላሽ ጠጋኙ ከአሰላ ይሁን ከአዲስ አበባ እንደሚመጣ አከራዩን ይጠይቅ።