ሁሉም ሳልሞኔላ አይታጠቅም

ባክቴሪያ ሰውነታችን ውስጥ ከገባ በኋላ አቅሙ በፈቀደ ሁሉ የሚያጠቃን ይመስለናል። ተቅማጥ የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊሙሪየም (የታይፎይዱ የቅርብ ዘመድ ነው) እንዲያ አያደርግም።

ይህ ባክቴሪያ የአንጀትን ግድግዳ የሚወጋበት መርፌ መሰል መሣሪያ አለው። መሣሪያውን መሥራት ግን ጉልበት ይጨርሳል፤ የታጠቀው ካልታጠቀው ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚራባው። ስለዚህ ዘረመላቸው አንድ ሆኖ ሳለ የሚታጠቁት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ግድግዳውን ጥሰው ከሚገቡትም አብዛኞቹን የበሽታ መከላከያችን ይገድላቸዋል።

ታዲያ ጥቅሙ የማን ነው? ወረራው አንጀቱን ያስቆጣዋል። በዚህ ጊዜ ቴትራታዮኔት የሚባል ውህድ ይፈጠራል፤ ሳልሞኔላ በኦክስጅን ምትክ ይተነፍስበታል፣ ነባሮቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ግን በአብዛኛው አይችሉም። ሳይወጉ የቀሩት ሳልሞኔላዎች ቦታውን ይወርሳሉ።

እዚህ ላይ አጭበርባሪዎች ይነሳሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ኔቸር ላይ የወጣ የዙሪክ ተመራማሪዎች ጥናት በአይጦች እንዳሳየው፣ ጨርሶ መታጠቅ የማይችሉ ዝርያዎች በሚውቴሽን ይፈጠራሉ፤ ወጪውን ሳይከፍሉ በሌሎቹ መስዋዕትነት ይበዛሉ። እነሱ ብቻቸውን ወደ ሌላ አይጥ ቢተላለፉ ግን በሽታ መቀስቀስ አይችሉም።

በጣም የሚያሳስበኝ የመድኃኒቱ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ ለአይጦቹ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲሰጡ የአንጀቱ ባዶ ክፍል ውስጥ ያሉት ሳልሞኔላዎች ጠፉ፤ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ከተደበቁት ግን የተረፉ ነበሩ። ሕክምናው ሲቆም አንጀቱን መልሰው የሞሉት እነዚሁ ወራሪዎች ናቸው።