ለጨዋታ የሚሆኑ የኮምፒዩተር ፕሮሰሰሮች፦ ስለ ፍጥነታቸውና ስለ ዋጋቸው የቀረበ ዳሰሳ

ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒዩተር ለማስገጣጠም የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ «ኢንቴል ይሻላል ወይስ ኤኤምዲ?» የሚል ነው፤ ይሁን እንጂ መልሱ ዓመት በመጣ ቍጥር የሚለዋወጥ ስለ ሆነ፣ ለገዢው የሚበጀው ሁለቱን ፋብሪካዎች በስማቸው ማበላለጥ ሳይሆን፣ ፕሮሰሰር በጨዋታ ውስጥ የሚያከናውነው ተግባር ምን እንደ ሆነ፣ ልዕልናው በምን እንደሚመዘን፣ ዋጋውም ከምን ከምን ጋር ተደምሮ መታሰብ እንደሚገባው መርምሮ ማወቅ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ዋጋዎቹም ፋብሪካዎቹ ዕቃቸውን ለገበያ ሲያወጡ በአሜሪካ ያስታወቋቸው ናቸው።

በጨዋታ ጊዜ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ሥዕሉን የሚሥለው፣ ብርሃኑንና ጥላውን የሚያለብሰው ግራፊክስ ካርዱ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ጠላት ወዴት እንደሚሮጥ፣ የተወረወረው ነገር የት እንደሚወድቅ፣ ተጫዋቹ የነካው ቁልፍ ምን እንደሚያስከትል አስልቶ፣ ምን ምን መሣል እንዳለበት ለካርዱ ትእዛዝ ይሰጣል። ይህም ሁሉ በሰከንድ 60 ፍሬም ለሚፈልግ ተጫዋች በ16.7 ሚሊሰከንድ፣ 144 ፍሬም ለሚፈልግ ደግሞ በ7 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ተፈጽሞ ማለቅ ስላለበት፣ ከሁለቱ አንዱ የዘገየ እንደ ሆነ ሌላው ሥራ ፈትቶ ይጠብቀዋል። ስክሪኑ ፎርኬ ሲሆን ድካሙ በካርዱ ላይ ስለሚወድቅ፣ የ200 ዶላሩና የ500 ዶላሩ ፕሮሰሰር በብዙ ጨዋታዎች እምብዛም ሳይለያዩ ይቀራሉ፤ 1080ፒ በሆነ ስክሪን ላይ እጅግ ብርቱ ካርድ ተገጥሞ ሲታይ ግን ልዩነታቸው ይገለጣል። መርማሪዎች ፕሮሰሰርን ከፕሮሰሰር ሲያወዳድሩ ይህን ሁለተኛውን መንገድ የሚመርጡት ስለዚህ ነው፤ መካከለኛ ካርድ ያለው ገዢም ይህን ሳያስተውል የንጽጽሩን ሰንጠረዥ ብቻ አይቶ ቢገዛ፣ በገዛ ስክሪኑ ላይ ፈጽሞ ለማያየው ልዩነት ገንዘቡን ይከፍላል። እንዲሁም አማካዩ የፍሬም ቍጥር ብቻውን የታመነ ምስክር አይደለም፤ በመካከሉ የሚደርሰውን መንገጫገጭ ስለሚሸፍነው፣ እጅግ የዘገዩትን ከመቶ አንዱን ፍሬሞች ለይቶ የሚያሳየውን ልክ አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ኢንቴል በ1968፣ ኤኤምዲ በ1969፣ ሁለቱም በካሊፎርኒያ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ መሪነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ኖሯል። ኤኤምዲ በ2000 አትሎን በተባለው ፕሮሰሰሯ አንድ ጊጋኸርዝ ላይ ቀድማ ደረሰች፤ በ2006 ኢንቴል ኮር 2 ዱዎን አውጥቶ ልዕልናውን መለሰ፤ በ2011 በ216 ዶላር ያቀረበው ኮር አይ5-2500ኬ በተጫዋቾች ዘንድ ለብዙ ዓመታት ሲመሰገን፣ በዚያው ዓመት ኤኤምዲ ቡልዶዘር በሚል ስም ያወጣችው ሥራ ግን ከተጠበቀው እጅግ አንሶ ተገኘ። ተፎካካሪ የታጣበት ዘመን ለገዢ ምን እንደሚያመጣ የታየውም ያን ጊዜ ነው፤ በ2007 አራት ኮር (የስሌት ክፍል) የነበረው የተራው ተጠቃሚ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ እስከ 2017ቱ ኮር አይ7-7700ኬ ድረስ ከአራት ኮር ሳያልፍ ዐሥር ዓመት ቈየ።

በ2014 ሊሳ ሱ መሪነቱን የተረከበችው ኤኤምዲ በመጋቢት 2017 ራይዘንን ስታወጣ፣ የኢንቴል ባለ ስምንት ኮር ከ1,000 ዶላር በላይ በሚሸጥበት ጊዜ፣ ባለ ስምንት ኮሩን ራይዘን 7 1800ኤክስ በ499 ዶላር አቀረበች። በጨዋታ ረገድ 7700ኬ ገና ይበልጠው ነበር፤ ሆኖም ኢንቴል በዚያው ዓመት ባለ ስድስት ኮር የሆነውን 8700ኬን ለማውጣት ተገደደ። በ2019 ራይዘን 5 3600 ስድስት ኮር ይዞ በ199 ዶላር ወጣ። በ2020 ግን ኤኤምዲ በጨዋታም ጭምር መሪ በሆነች ጊዜ ዋጋዋን ከፍ አደረገች፤ 3600ኤክስ 249 ዶላር ሲሆን ተተኪው 5600ኤክስ 299 ሆነ። ኋላ የቀረው ኢንቴልም በ2022 መጀመሪያ ኮር አይ5-12400ኤፍን በ167 ዶላር አውጥቶ ገዢን ቢስብ፣ ኤኤምዲ በሚያዝያ ራይዘን 5 5600ን በ199 ዶላር አቅርባ መልስ ሰጠች። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ፍጥነት ዘወትር ከመሪው ዘንድ ሲገኝ፣ የዋጋ በረከት ግን መሪውን ከሚከተለው ዘንድ መገኘቱን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የጨዋታን ሚዛን የለወጠው በሚያዝያ 2022 በ449 ዶላር የወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ነው። ይህ ፕሮሰሰር ከወንድሙ ከ5800ኤክስ ጋር ስምንት ኮር በመያዝ እኩል ሲሆን፣ የምቱ ፍጥነት ከ4.7 ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ ዝቅ ያለ ነው፤ በአንጻሩ በ32 ሜጋባይት ካሹ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ፈጣን ማከማቻ) ላይ ሌላ 64 ሜጋባይት ተደርቦለት 96 ሆኗል። ጥቅሙ እንዲህ ነው፦ ቁም ጸሐፊ የሚገለብጠው መጽሐፍ ከአትሮንሱ ላይ ሲኖርለት እጁ ሳያርፍ ይጽፋል፤ ለእያንዳንዱ ገጽ ወደ ዕቃ ቤት መመላለስ ያለበት እንደ ሆነ ግን የብዕሩ ቅልጥፍና አይጠቅመውም። ፕሮሰሰሩም የሚፈልገውን ከካሽ በ10 ናኖሰከንድ ገደማ ሲያገኝ፣ ከራም ለማስመጣት ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጠብቃል፤ ይህም የመቶዎች ምት ብክነት ነው። ስለዚህ እንደ ፋክቶሪዮና እንደ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ያሉ፣ እልፍ ነገሮችን ባንድነት የሚያሰሉ ጨዋታዎች በትልቅ ካሽ እጅግ ሲጠቀሙ፣ ቪዲዮ ማቀናበርን በመሰለ ሥራ ግን ምቱ የፈጠነው 5800ኤክስ ይቀድማል። በዚሁ መንገድ የተከተሉት የ2023ቱ 7800ኤክስ3ዲና በ2024 በ479 ዶላር የወጣው 9800ኤክስ3ዲ በየተራቸው የጨዋታ አውራ ሆነዋል። የኮር ብዛት ግን ይህን አያህልም፤ የጨዋታ ዋናው ስሌት ተራውን ጠብቆ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ከስምንት ኮር በላይ ያለው ለጨዋታ ብቻ ለሚገዛ ሰው ትርፉ ጥቂት ነው።

ኢንቴል በበኩሉ ከ2021 ጀምሮ ብርቱና ቈጣቢ ኮሮችን ባንድነት አሰልፎ ታግሏል፤ ነገር ግን የኮር አይ9-14900ኬ የኀይል ፍጆታ እስከ 253 ዋት የሚደርስ ሆኖ ሳለ፣ 7800ኤክስ3ዲ በ120 ዋት የተመደበ ነበር፤ በ2024ም በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ የተነሣ ብልሽት መኖሩን ኩባንያው ራሱ አምኖ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። በዚያው ዓመት የወጡት ኮር አልትራዎች ኀይል ቢቈጥቡም በጨዋታ ከቀደሙት ብልጫ ስላላሳዩ፣ ከእነርሱ መካከል በ394 ዶላር የወጣው 265ኬ በ2025 ወደ 300 ዶላር ገደማ ወረደ።

የፕሮሰሰር ዋጋ ከማዘርቦርዱና ከራሙ ተለይቶ አይታሰብም። በ2017 ኤኤም4 የተባለው የኤኤምዲ ሶኬት ያለበትን ማዘርቦርድ የገዛ ሰው ባዮሱን አሳድሶ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 5800ኤክስ3ዲን በዚያው ላይ ለማሳረፍ በቅቷል፤ በዚያው ዓመት የ7700ኬን ማዘርቦርድ የገዛው ግን፣ ሶኬቱ በስም 1151 ሆኖ ሳለ፣ በወራት ውስጥ የወጣውን 8700ኬን ሊቀበልለት አልቻለም። ይህ ነገር በብር ለሚገዛ ሰው ይልቁን የከበደ ነው፤ በሐምሌ 2024 የምንዛሬው ሥርዓት በተለወጠ ጊዜ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ፣ የ449 ዶላር ፕሮሰሰር ቀረጥና ትርፍ ሳይታሰብበት ከ26,000 ብር ገደማ ወደ 45,000 ብር ደርሷል። እንዲህ ባለ ገበያ፣ ማዘርቦርዱንና ራሙን ሳይለውጥ ፕሮሰሰሩን ብቻ ለማሻሻል የሚችል ሰው ብዙ ገንዘብ ያድናል።

እንግዲህ ብያኔው ይህ ነው። እጅግ ብርቱ ካርድ ያለውና በውድድር ወይም በሰፊ ስሌት ጨዋታዎች የሚጸና ሰው፣ ትልቅ ካሽ ያለውን ባለ ስምንት ኮር ቢገዛ ገንዘቡ በከንቱ አይጠፋም። ከዚህ ውጭ ያለው አብዛኛው ተጫዋች ግን መካከለኛውን ባለ ስድስት ኮር፣ ይልቁንም ተተኪ ወጥቶለት ዋጋው የቀነሰውን፣ ነገም ሌላ ትውልድ በሚቀበል ማዘርቦርድ ላይ አድርጎ፣ የተረፈውን ገንዘብ ለግራፊክስ ካርዱ ያውል።