በገጹ ደጃፍ የቆመው ማገጃ

በአቡ ዳቢዋ ሳዲያት ደሴት ላይ ሆኖ የአንድ አውሮፓ ጋዜጣ ገጽ በስልኩ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዜናውን አይደለም። ከታች አንድ ሳጥን ብቅ ብሎ የስክሪኑን ግማሽ ይሸፍናል። «ለግላዊነትዎ እንጠነቀቃለን» ይላል፤ ከሥሩም «ሁሉንም ተቀበል» የሚል ደማቅ ቁልፍ አለ። እምቢ ማለት የፈለገ ግን ደብዘዝ ያለችውን «ተጨማሪ ምርጫዎች» ፈልጎ፣ ሌላ ገጽ ከፍቶ፣ የተደረደሩትን መቀያየሪያዎች አንድ በአንድ አጥፍቶ፣ በመጨረሻ «ምርጫዬን አስቀምጥ» ማለት አለበት። ከሆቴል ፈረቃ የወጣች ወይም የአሠሪዎቿን ልጆች አስተኝታ ለራሷ ግማሽ ሰዓት ያገኘች እህት ይህን ሁሉ አታደርግም። ተቀብላ ታልፋለች።

ይህን ሳጥን ከፊቷ የሚያነሣ መሣሪያ አለ፤ በነጻ ይገኛል፣ ለመጫንም ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። የማስታወቂያ ማገጃ፣ ብዙዎች እንደሚሉት አድ ብሎከር ይባላል። ስሙ ሥራውን አሳንሶ ይናገራል እንጂ ዛሬ የኩኪ ጥያቄ የሚባለውን ይህን ሳጥንም፣ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ከሚሉት ሳጥኖች አንዳንዶቹንም ያነሣል። የትኛውን ሊያነሣ እንደሚገባውና የትኛውን መተው እንዳለበት ማወቅ ግን የተጠቃሚው ድርሻ ነው።

ጉዳዩ ለደሴቲቱ ባዕድ አይደለም። ሉቭር አቡ ዳቢ በሚገኝበት በዚሁ ሳዲያት፣ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡ ዳቢ በ2014 የገባበት ግቢ አለ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ግቢ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህሩ ያሲር ዛኪና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥያቄ ለዓመታት ሲከታተሉ ቆይተዋል፦ ርካሽ ስልክና ደካማ ኔትወርክ ያለው ሰው አንድ ገጽ እስኪከፈትለት ይህን ያህል የሚጠብቀው ለምንድን ነው?

ጣታቸው ያረፈው ጃቫስክሪፕት ላይ ነው፤ ገጹ ሲከፈት ስልኩ ውስጥ በሚሠራው የፕሮግራም ጽሑፍ ላይ። በ2020 ጄኤስ ክሊነር የተባለ መሣሪያ አቀረቡ። በ500 ታዋቂ ገጾች ላይ ሲፈተሽ አላስፈላጊውን ጽሑፍ በማውጣት የመጫኛውን ጊዜ 30 በመቶ ያህል፣ የገጹን ክብደት ደግሞ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ቀጥሎ የመጣው ስሊምዌብ የትኛው ጽሑፍ አስፈላጊ እንደሆነ በማሽን ትምህርት እየለየ፣ በእውነተኛ የ3ጂና የ4ጂ ኔትወርክ ላይ የመጫኛ ጊዜን በግማሽ አሳጠረ። በ2022 ያወጡት ሦስተኛው ሥራ «ሙዚል» ይባላል፤ በዐረብኛ አስወጋጅ ማለት ነው። ወደ 40,000 ገጾች ተመርምረው በመካከለኛው ገጽ ላይ ካሉት የጃቫስክሪፕት ተግባራት 70 በመቶው ምንም ሥራ የማይሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። ሰው በገንዘቡ በገዛው ዳታ የሚያወርደው፣ ግን የማይጠቀምበት ሸክም ማለት ነው። በካርድ እየሞላ ለሚጠቀም ኢትዮጵያዊ፣ ደሴ ይሁን አቡ ዳቢ፣ ይህ ቁጥር ከኪሱ የሚወጣ ነው።

የኩኪ ሳጥኑም ከዚሁ ሸክም ይመደባል። አብዛኛውን ጊዜ የጋዜጣው ሥራ አይደለም፤ ፈቃድ መሰብሰብን ሥራቸው ያደረጉ ኩባንያዎች ከራሳቸው ሰርቨር የሚልኩት ጃቫስክሪፕት ነው።

ኩኪው ራሱ፣ ማለትም ገጹ በአንባቢው ስልክ ላይ የሚያስቀምጠው ማስታወሻ፣ ሲወለድ ክፉ አልነበረም። በ1994 በኔትስኬፕ ይሠሩ የነበሩት ሉ ሞንቱሊ ያበጁት የኢንተርኔት ሱቅ ደንበኛው ቅርጫት ውስጥ የጨመረውን ዕቃ እንዳይረሳ ነው። ላውንደሪ ቤት ልብስ ተቀብሎ የሚሰጠውን ቁጥር ያለበት ወረቀት ያስታውሳል፦ ባለሱቁ ቁጥሩን ይሰጣል፣ ደንበኛው ሲመለስ ያሳያል። ችግሩ የመጣው አንድ የማስታወቂያ ኩባንያ በሺህ ሱቆች ውስጥ ጥግ ይዞ፣ በሁሉም ዘንድ ያንኑ አንድ ወረቀት ማየት ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱ ልብስ ማስመለሻ መሆኑ ቀርቶ ሰውየው የት እንደዋለ የሚመሰክር ሆነ።

አውሮፓውያን ይህን በሕግ ለመግታት ሞከሩ። በ2002 የወጣው መመሪያ በ2009 ሲሻሻል ለሥራው ግድ ያልሆነ ኩኪ ያለፈቃድ እንዳይቀመጥ አዘዘ፤ ጂዲፒአር በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ደንብ ከሜይ 25, 2018 ጀምሮ ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ አጠበቀ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በኦክቶበር 1, 2019 አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይባልም ሲል ወሰነ። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ደግሞ በጃንዋሪ 2022 ጉግል 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክ 60 ሚሊዮን ዩሮ እንዲቀጡ መወሰኑን አስታወቀ፤ ጥፋታቸው እምቢታን ከእሺታ ይልቅ አድካሚ ማድረጋቸው ነበር። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት 680 የብሪታንያ ገጾችን መርምሮ አነስተኛውን የሕግ መስፈርት ያሟሉት 11.8 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳየ። በዚያው ጥናት የእምቢታው ቁልፍ ከመጀመሪያው ገጽ ሲነሣ የ«እሺ» ባዮች ድርሻ ከ22 እስከ 23 የመቶኛ ነጥብ ጨምሯል። ተቀብላ ያለፈችው እህት ደካማ ሆና አይደለም፤ ሳጥኑ ለዚያ ተለክቶ የተሰፋ ነው።

ማገጃው ይህን የሚመክተው በወንፊት ነው። ከወንፊቶቹ ስመ ጥሩ ኢዚሊስት ሲሆን በ2005 ተጀምሮ እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች ይጠበቃል። ይዘቱ ዝርዝር ብቻ ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አጫጭር መስመሮች። ከማገጃዎቹ ብዙዎች የሚያምኑት ዩብሎክ ኦሪጅን ነው፤ ካናዳዊው ሬይመንድ ሂል በ2014 ያወጡት፣ እስከ ዛሬም መዋጮ የማይቀበሉበት ሥራ።

የመስመሮቹ ዓይነት በዋናነት ሁለት ነው። በሁለት ቋሚ ሰረዝ የሚጀምረው ዓይነት የሠርግ ቤት በር ላይ ስም ዝርዝር ይዞ እንደቆመ ዘበኛ ነው፦ ብሮውዘሩ ከአንድ የተመዘገበ አድራሻ ጽሑፍ ሊያስመጣ ሲል ጥያቄው ከስልኩ ሳይወጣ ያስቀረዋል። ዳታ የሚቆጥበው ይህኛው ነው። ሁለት የሀሽ ምልክት ያለበት ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ የመጣውን ነገር ከዓይን ይሰውራል፤ ሳጥኑ ወርዷል፣ ግን አይታይም። ለኩኪ ጥያቄዎች የተዘጋጁት ዝርዝሮች ሁለቱንም ይጠቀማሉ።

ሦስተኛ መንገድም አለ። በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ኮንሰንት ኦ ማቲክ ሳጥኑን አይደብቅም፤ በተጠቃሚው ፈንታ ያን አሰልቺ የመቀያየሪያ ሰልፍ ገብቶ «አይሆንም» እያለ ይወጣል።

መደበቅና እምቢ ማለት አንድ ነውን? በሕጉ ፊት ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው። ጂዲፒአር ዝምታን እንደ ፈቃድ አይቆጥርም፤ ጥያቄው ያልተመለሰለት ገጽ መከታተያ ኩኪ የማስቀመጥ መብት የለውም። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስም በ2021 ባወጣችው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ቁጥር 45 ፈቃድ ግልጽ እንዲሆንና ሰውየው በፈለገ ጊዜ እንዲያነሣው አድርጋለች፤ ኢትዮጵያም በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አላት። ሕግ የማያከብር ገጽ ግን ዝምታን እንደ እሺታ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የኩኪ ዝርዝሩን ብቻ አብርቶ ዋናዎቹን ዝርዝሮች ማጥፋት መስኮቱን ሸፍኖ በሩን ክፍት እንደመተው ነው። መከታተያዎቹን በር ላይ የሚያስቀሩት ዋናዎቹ ናቸው።

አጫጫኑን በአጭሩ፦ የአንድሮይድ ክሮም ኤክስቴንሽን (በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር መሣሪያ) አይቀበልም፤ የአንድሮይድ ፋየርፎክስ ግን ዩብሎክ ኦሪጅንን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። አይፎን ላይ ከ2025 ጀምሮ ቀለል ያለው ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት ለሳፋሪ ወጥቷል። ኮምፒውተር ላይ ጉግል የኤክስቴንሽን ደንቡን በመለወጡ ክሮም የድሮውን ዩብሎክ ኦሪጅን አይቀበልም፤ ላይቱን ይቀበላል። በፋየርፎክስ ከተጫነ በኋላ ቅንብሩ ውስጥ «ፊልተር ሊስትስ» ተከፍቶ «ኩኪ ኖቲስስ» የሚለው ምልክት ሊደረግበት ይገባል። ሳይነኩት የጠፋ ስለሆነ ብዙ ሰው ማገጃውን ጭኖም ሳጥኑ ለምን እንዳልጠፋ ግራ ይገባዋል።

ስሙን አጣርቶ መጫን የግድ ነው። በ2018 አድጋርድ የተባለው ድርጅት ማገጃ መስለው ክሮም መደብር ውስጥ የተቀመጡ አምስት አስመሳዮችን አጋልጧል፤ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ጭነዋቸው ነበር። የብሮውዘር ማገጃ በቲክቶክ ወይም በፌስቡክ መተግበሪያ ውስጥ ያለውን ማስታወቂያ እንደማይነካም ማወቅ ይጠቅማል።

አንዳንዴ ሳጥኑ ጠፍቶ ገጹ ወደ ታች አልወርድ ይላል። ድረ ገጹ መልስ እስኪያገኝ ማንሸራተቻውን ስለቆለፈ ነው። እንዲህ ሲሆን የዩብሎክ ኦሪጅንን ቀይ የጋሻ ምልክት ነክቶ ትልቁን ማጥፊያ በመጫን ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ ማገጃውን ማስቆምና ጥያቄውን በእጅ መመለስ ይቻላል።

የዕድሜው ጥያቄ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለት መልክም አለው። የመጀመሪያው የመጠጥ ሻጮች ገጽ ላይ የሚታየው «18 ዓመት ሞልቶዎታል?» ነው። አብዛኛውን ጊዜ ገጹ ከኋላው ሙሉ በሙሉ ወርዷል፣ ሳጥኑ መጋረጃ ነው፣ መልሱን የሚያስታውሰውም ራሱ ኩኪ ነው። ኩኪውን በየጊዜው የሚያጠፋ የ50 ዓመት ሰው በየቀኑ ይጠየቃል። እንዲህ ያለውን መጋረጃ «አኖያንስስ» በሚሉት ዝርዝሮች ወይም ተጠቃሚው በገዛ ጣቱ በሚመርጥበት መሣሪያ ማንሣት ይቻላል፤ በመብረቅ ምልክቱ ለጊዜው፣ በመምረጫው ደግሞ ለዘለቄታው።

ሁለተኛው መጋረጃ ሳይሆን ቁልፍ ነው። ብሪታንያ በ2023 ባወጣችው የኦንላይን ደኅንነት ሕግ መሠረት ከጁላይ 25, 2025 ጀምሮ የወሲብ ይዘት የሚያቀርቡ ገጾች ዕድሜን በመታወቂያ፣ በፊት ምስል ወይም በሌላ ተመሳሳይ መንገድ እንዲያረጋግጡ ግድ ሆኗል። አውስትራሊያ ከዲሴምበር 10, 2025 ወዲህ ከ16 ዓመት በታች ያሉት የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። ኤምሬትስ በ2025 ያወጣችው የሕፃናት ዲጂታል ደኅንነት ሕግ ቁጥር 26 ከጃንዋሪ 1, 2026 ጀምሮ የጸና ሲሆን ዕድሜ ማጣራትን በኢንተርኔት መድረኮች ላይ ጥሏል። ማጣሪያው ሰርቨር ላይ ሲሆን ያላለፈ ሰው ስልክ ላይ ገጹ ጭራሽ አይወርድም፤ ማገጃው የሚገልጠው ነገር የለም። ሊኖርም አይገባም፤ ያ በር የቆመው ለሕፃን ነው። ልጆች የሚነኩት ስልክ ላይ መጋረጃውንም ቢሆን አለማንሣት ይሻላል።

ይህ ማለት መታወቂያን ለጠየቀ ሁሉ ማስረከብ ማለት አይደለም። በኦክቶበር 2025 ዲስኮርድ የ70,000 ያህል ተጠቃሚዎቹ የመታወቂያ ፎቶ በአንድ አገልግሎት ሰጪው በኩል ሳይጋለጥ እንዳልቀረ አስታውቋል። ገጹን መተው ሁልጊዜ የሚቻል ምርጫ ነው።

አቡ ዳቢ ለሚኖር ሰው አንድ ልዩነት ጠርቶ ሊታወቅ ይገባል። በመተግበሪያ መደብሮች «ነጻ ቪፒኤንና አድ ብሎከር» ተብለው በአንድ ላይ የሚቀርቡ አሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ማገጃ ስልኩ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን አይፒ አድራሻ አይለውጥም፤ ቪፒኤን ይለውጣል። በ2021 የወጣው የኤምሬትስ የሳይበር ወንጀል ሕግ ቁጥር 34 ደግሞ ወንጀል ለመሥራት ወይም እንዳይታወቅ ለማድረግ አይፒ አድራሻን አሳስቶ የተገለገለን በእስርና ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ይቀጣል። ሳጥን ለማስነሣት ሲባል ሳያውቁት ቪፒኤን መክፈት አያስፈልግም።

በዩብሎክ ኦሪጅን የዝርዝሮች ገጽ ላይ ለየአገሩና ለየቋንቋው የተዘጋጁ ወንፊቶች ተደርድረዋል፤ የዐረብኛ ገጾችን የሚመለከት አለ፣ የአማርኛ የሚል ግን የለም። በአማርኛ የዜና ገጾች ላይ የሚዘረጉት ሳጥኖች ወደ ዝርዝሮቹ የሚገቡት አንድ አንባቢ አይቶ ሲጠቁም ነው። ቀዩን ጋሻ ሲነኩት ከሚከፈተው ሰሌዳ ሥር የንግግር አረፋ የምትመስል ምልክት አለች፤ ያልተነሣውን ሳጥን ወይም የተበላሸውን ገጽ ለበጎ ፈቃደኞቹ የምታደርሰው እሷ ናት። ቅጹ አጭር ነው፤ የገጹን አድራሻ ራሱ ይሞላል፣ ከጠቋሚው የሚፈለገው የችግሩን ዓይነት መምረጥና ጥቆማው በሚላክበት ጊትሐብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ አካውንት መክፈት ነው።