ሻጋታው ከየት መጣ?

ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ አየሯም ነፋሻ የሆነ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ግን ሳውዝ ሲ የተባለውን ሰፈሯን ጎርፍ አጥለቀለቀው። ውሃው ሲጎድል ግድግዳው እርጥብ እንደሆነ ይቀራል።

ሻጋታ የውሃውን ምንጭ አይመርጥም።

አየር ማቀዝቀዣም (ኤሲ) ያው የእርጥበት ምንጭ ሊሆን ይችላል። አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ በቀጭን ቱቦ ይወጣል፤ ቱቦው በአቧራ ሲደፈን ወደ ግድግዳው ይንጠባጠባል። በ48 ሰዓት ውስጥ ያልደረቀ ጂፕሰም ወይም ምንጣፍ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ መሠረት እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽንና ለአስም መባባስ ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ቀለም መቀባት ሻጋታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። መጀመሪያ ፍሳሹ ይዘጋ፤ የሻገተው ጂፕሰም ይነሳ፤ ሴራሚኩ በሳሙና ተፈግፍጎ ይድረቅ። ለማጽዳት በረኪና የሚጠቀም ግን ከአሞኒያ ጋር አይቀላቅለው፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።