ራሙን ከመክሰስ በፊት

ወንጪ ሐይቅ አፋፍ ላይ ፈረስ ተከራይቶ ወደ ውሃው የወረደ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ቁልቁለቱን የለመደ ፈረስ የትኛው ድንጋይ እንደሚያንሸራትት ያውቃል፤ ልጓም ሳይጠብቅ ይወርዳል። ለቦታው አዲስ የሆነው ግን እግሩን ባሳረፈ ቁጥር መሬቱን ይፈትሻል። ባዮስ ታድሶ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፣ ወይም ራሙ የጎደለ ሲመስል፣ እኔ የማስበው ያንን አዲስ ፈረስ ነው።

ራም ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው። ዛሬም የምንጠቀምበትን ዓይነት የፈለሰፈው የአይቢኤም መሐንዲሱ ሮበርት ዴናርድ ነው፤ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1968 አገኘ። መረጃው የሚቀመጠው እጅግ ትንንሽ በሆኑ የኤሌክትሪክ ቋቶች ውስጥ ነው። ቋቶቹ እንደ ተነቃ እንስራ ስለሚያፈሱ 64 ሚሊሰከንድ ሳይሞላ እንደገና ይሞላሉ። መብራት ሲጠፋ ሴቭ ያላደረግነው ማመልከቻ አብሮ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ባዮስ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ የተጻፈ፣ ማብሪያው ሲነካ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃ ፕሮግራም ነው። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ከራሙ ጋር መግባባት ነው፤ ይህ ደግሞ ቀላል አይደለም። 3200 በሚባለው ፍጥነት አንዲት የመረጃ ቅንጣት በመስመሯ ላይ የምትቆየው 312.5 ፒኮሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ብርሃን እንኳ የሚጓዘው 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ64 መስመሮች የሚመጣውን ምልክት በትክክለኛው ቅጽበት ለማንበብ፣ ባዮሱ እየሞከረና እየለካ የእያንዳንዱን ሰዓት ያስተካክላል። ባለሙያዎች ይህን ትሬኒንግ ይሉታል። ውጤቱን መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ በማግስቱ ኮምፒውተሩ ቶሎ ይነሳል።

ባዮሱ ሲታደስ ብዙውን ጊዜ ያ መዝገብ ይሰረዛል። ፈረሱ መንገዱን ረሳ ማለት ነው። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ማራገቢያው ብቻ ይዞራል፤ ዲዲአር5 የሚባለው የራም ዓይነት ባላቸው ማሽኖች ላይ ትሬኒንጉ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደንግጦ ያጠፋዋል፣ መልሶ ያበራዋል፣ ትሬኒንጉ ከዜሮ ይጀምራል። እባካችሁ 15 ደቂቃ ታገሱት።

ተነስቶ ግን ከተንቀረፈፈ፣ ራሙ ጤነኛ ሆኖ ፍጥነቱ ወርዶ ሊሆን ይችላል። እድሳቱ ብዙውን ጊዜ ኤክስኤምፒ የሚባለውን የፍጥነት ቅንብር ስለሚያጠፋ፣ 3200 ተብሎ የተገዛ ራም በ2133 ወይም በ2400 ይሠራል። ባዮስ ገብቶ ቅንብሩን መልሶ ማብራት ነው። 8 ጊጋ የነበረው 6 ጊጋ ብቻ የሚታይ ከሆነ ደግሞ፣ 2 ጊጋው ለስክሪኑ ምስል ተቆርጦ እንደሆነ እዚያው ይታያል።

ከ16 ጊጋ ግማሹ ጭራሽ ከጠፋ እጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ገመዱ ይነቀል፣ ማብሪያው ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይያዝ፣ እጅ የኮምፒውተሩን ብረት ይንካ። ከዚያ ራሞቹን አውጥቶ ወርቃማ ጥርሳቸውን በለስላሳ ነጭ ላጲስ መጥረግ፣ ፍርፋሪውን ማራገፍ፣ በሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል መጫን ነው። የበጋ አቧራ በሚገባበት፣ ወይም ከ3,000 ሜትር በላይ እንዳለው እንደ ወንጪ አፋፍ ብርዳማና ርጥበታም በሆነ ቦታ፣ ይህ ጠረጋ ብቻ የሚፈታው ችግር ብዙ ነው። ካልሆነ አንድ በአንድ እያስገቡ መሞከር፤ አሁንም ካልሆነ ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ መመለስ። ሰዓትና ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ባዮሱ ወደ መነሻ ቅንብሩ መመለሱን ያመለክታል።

ስለ መብራት ዝም ብዬ አላልፍም። እድሳቱ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ የሚበላሸው ራሙ አይደለም፤ ባዮሱ ራሱ ግማሽ ተጽፎ ይቀራልና ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ክረምት ላይ፣ ነጎድጓድ ከአምቦ ተራሮች በኩል ሲያጉረመርም፣ ያለ ዩፒኤስ ባዮስ ማደስ አይገባም። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ ይሰካ። አንድ የታወቀ ችግር ወይም የደኅንነት ቀዳዳ የማይደፍን እድሳት ደግሞ ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ።

ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል። እንግዳ ሲበዛ ምዝገባውም፣ ፎቶውም፣ ደረሰኙም በኮምፒውተር ይሆናል። ከዚያ ተነስቶ ራም ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ፣ እያንዳንዱን ራም ለብቻው አንድ ሌሊት አስፈትሹት። በተለመደው ፍጥነቱ አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ሌላው የራም መሰኪያ ላይ ድገሙት፤ እዚያም ከደገመው፣ ያን ጊዜ ይቀየር።